ፒተር ፖል ሩበንስ (1577–1640)፦ በጦርነት ዘመን የበረከትን ቀንድ የሳለ ሠዓሊ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከተነሱት ሠዓልያን መካከል ስማቸው ጎልቶ ከሚጠራው አንዱ የአንትወርፑ ፒተር ፖል ሩበንስ ነው። ሩበንስ ባሮክ ተብሎ የሚታወቀውን የሥዕል ስልት ከፍ ወዳለ ደረጃ ካደረሱት ባለሙያዎች የሚመደብ ሲሆን፣ ከሠዓሊነቱ በተጨማሪ በዲፕሎማትነት፣ በጥንታዊ ቅርስ ሰብሳቢነትና በቋንቋ አዋቂነትም ይታወቃል። በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ በፍራፍሬ፣ በእሸትና በአበባ የተሞላ የበረከት ቀንድ ነው። ይህን የጥጋብና የልምላሜ ምልክት አብዝቶ የሳለው ግን ወንዟ በተዘጋባት ከተማ እየኖረ፣ አውሮፓም በጦርነት በምትታመስበት ዘመን ነበር። በመሆኑም የሕይወት ታሪኩንና የሥዕሎቹን ትርጉም ነጣጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የልጅነት ዘመን

ሩበንስ የተወለደው ጁን 28 ቀን 1577 ዛሬ በጀርመን ውስጥ በምትገኘው በዚገን ከተማ ነው። ወላጆቹ ግን የአንትወርፕ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ያን ሩበንስ የሕግ ባለሙያና የአንትወርፕ ከተማ ሹም የነበረ ሲሆን፣ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት በማዘንበሉ የስፔን መንግሥት ያስነሳውን ስደት ሸሽቶ በ1568 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኮሎኝ ተሰደደ። በዚያም የኦሬንጁ ልዑል የዊልያም ባለቤት ለነበረችው ለሳክሶኒዋ አና የሕግ አማካሪ ሆነ። ከእርሷ ጋር የነበረው ድብቅ ግንኙነት በተገለጠ ጊዜ ወደ ወህኒ ወረደ፤ ሕይወቱም በእጅጉ አደጋ ላይ ወደቀ። የተበደለችው ሚስቱ ማርያ ፔይፔሊንክስ ግን ይቅር አለችው፤ በየባለሥልጣኑ ደጅ እየጠናች፣ የምልጃ ደብዳቤ እየጻፈች ከእስር አስወጣችው። ባልየው ከዚገን ከተማ እንዳይወጣ ተወስኖበት በነበረበት ወቅት ነው ፒተር ፖል የተወለደው።

ቤተሰቡ በ1578 ወደ ኮሎኝ ተመለሰ። አባትየው በ1587 ሲሞት ማርያ ልጆቿን ሰብስባ ወደ አንትወርፕ አቀናች። ልጆቹም በካቶሊክ እምነት አደጉ። እናቲቱ ትታት የሄደችውን አንትወርፕ ግን እንደ ቀድሞዋ አላገኘቻትም። ከተማዋ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአውሮፓ ታላላቅ የንግድ ወደቦች አንዷ የነበረች ስትሆን፣ የነዋሪዋም ቁጥር ወደ 100 ሺህ ይጠጋ ነበር። በ1585 የስፔን ጦር ከረጅም ከበባ በኋላ ሲይዛት፣ ከስፔን አገዛዝ ነፃ ለመውጣት ይዋጉ የነበሩት የሰሜን ሆላንድ ግዛቶች ከተማዋን ከባሕር ጋር የሚያገናኘውን የስኬልት ወንዝ ዘጉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ከተማዋን ለቅቆ ሄደ፤ የነዋሪዋም ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ታዳጊው ሩበንስ ያደገው የቀድሞ ሀብቷ በሕንፃዎቿ ላይ በሚታይ፣ ወደቧ ግን ጭር ባለ ከተማ ውስጥ ነበር።

ትምህርትና የጣሊያን ቆይታ

ሩበንስ በላቲን ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት ከተማረ በኋላ በአንዲት ባላባት ቤት በአሽከርነት አገለገለ። ይህ አገልግሎት የቤተ መንግሥትን ሥርዓትና አነጋገር ያስተማረው ሲሆን፣ በኋለኛው የዲፕሎማትነት ዘመኑ እጅግ ጠቅሞታል። ወዲያው ግን ወደ ሥዕል ሙያ ዞረ። በቶቢያስ ፈርሃኽት፣ በአዳም ፋን ኖርትና በኦቶ ፋን ፌን ዘንድ በተከታታይ ተምሮ፣ በ1598 የቅዱስ ሉቃስ የሠዓልያን ማኅበር በመምህርነት ማዕረግ ተቀበለው።

በ1600 ወደ ጣሊያን ተጓዘ። ብዙም ሳይቆይ በማንቱዋው መስፍን በቪንቼንዞ ጎንዛጋ ቤተ መንግሥት በሠዓሊነት ተቀጠረ። በ1603 መስፍኑ ለስፔን ንጉሥና ለሹማምንቱ የላከውን ስጦታ ይዞ ወደ ስፔን ሄደ። በመንገድ ላይ ዝናም የተላኩትን ሥዕሎች ስላበላሻቸው ሩበንስ ራሱ ጠገናቸው፤ ሊጠገኑ ያልቻሉትንም በራሱ ሥራ ተካቸው። ይህ አጋጣሚ ሥዕልና የመንግሥታት ግንኙነት በአንድ እጁ የተገናኙበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

በጣሊያን በቆየባቸው 8 ዓመታት በሮም የተገኙትን ጥንታውያን ሐውልቶች በጥንቃቄ እየተመለከተ በንድፍ መልክ አስቀረ፤ የቲሺያንን፣ የማይክል አንጄሎንና የሌሎችንም ታላላቅ ሠዓልያን ሥራዎች አጠና። ከወንድሙ ከፊሊፕ ጋርም የጥንት ሮማውያንን መጻሕፍት ያነብ ነበር። በሥዕሎቹ ውስጥ የሚታዩት የአፈ ታሪክ ገጸ ባሕርያት ከዚህ ጥናት የተገኙ ናቸው። በዘመኑ የተማረ ተመልካች ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይና ለእያንዳንዱ ዕቃ የተሰጠውን ትርጉም ያውቅ ስለነበር፣ አንድን ሥዕል እንደ መጽሐፍ ያነበው ነበር ማለት ይቻላል።

የበረከት ቀንድ ትርጉም

በሩበንስ ሥዕሎች ውስጥ ጥጋብንና ተፈጥሮን ከሚወክሉት ምልክቶች ቀዳሚው የበረከት ቀንድ ሲሆን፣ ምንጩ በሁለት የግሪክና የሮማ አፈ ታሪኮች ይተረካል። የመጀመሪያው የአማልክት አለቃ የሆነው ዜውስ በሕፃንነቱ አማልቴያ የምትባል ፍየል ወተቷን እያጠባች እንዳሳደገችው፣ የፍየሏም ቀንድ ባለቤቱ የተመኘውን ሁሉ የሚያፈልቅ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ጀግናው ሄርኩሌስ በበሬ መልክ ከተገለጠው አኬሎስ ከሚባል የወንዝ አምላክ ጋር ታግሎ አንድ ቀንዱን እንደነቀለውና የውሃ ልጃገረዶች ቀንዱን በፍራፍሬና በአበባ እንደሞሉት ያስረዳል። በሁለቱም ትረካዎች በረከት የሚገኘው ከሕያው ፍጥረት ነው፤ በአንደኛው ከምታጠባ እንስሳ፣ በሌላው ከሚፈስ ወንዝ።

ሌሎቹም ምልክቶች የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። የእህል አዝመራ ጠባቂ የምትባለው ሴሬስ በእሸት ዘለላ ትታወቃለች፤ የወይን አምላክ የሚባለው ባኮስና ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆኑት ሳቲሮች በወይን ዘለላ ይለያሉ፤ የምድር እናት ተደርጋ የምትቆጠረው ሲቤሌ የበረከትን ቀንድ ትይዛለች፤ የወንዝ አማልክት ውሃ በሚፈስበት እንስራ ላይ ተደግፈው ይቀመጣሉ። በሩበንስ ሥዕሎች ሴቶች ወፍራምና ደም ግባት የሞላባቸው፣ ሕፃናትም ድብልብል ሆነው የሚታዩት እንዲሁ አይደለም። በሽታና ረሃብ በተደጋጋሚ በሚጎበኙት ማኅበረሰብ ዘንድ የሞላ ገላ የጤና፣ የመውለድና የጥጋብ መታወቂያ ነበር።

ወደ አንትወርፕ መመለስና የሥዕል ቤቱ

በ1608 የእናቱን የማርያን ሕመም የሚገልጽ መልእክት ሲደርሰው ሩበንስ ጣሊያንን ለቅቆ ገሰገሰ፤ ሆኖም እናቱን በሕይወት አላገኛትም። ወደ ጣሊያን የመመለስ ሐሳብ ነበረው፤ በ1609 ግን በስፔንና በሰሜን ግዛቶች መካከል ለ12 ዓመታት የሚቆይ የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ። አገሩን የሚያስተዳድሩት አርክዱክ አልበርትና ልዕልት ኢዛቤላም የቤተ መንግሥት ሠዓሊ አድርገው ሲሾሙት በብራስልስ ሳይሆን በአንትወርፕ እንዲኖር ፈቀዱለት። በዚያው ዓመት ኢዛቤላ ብራንትን አገባ፤ በ1610 ደግሞ ቤት ገዝቶ የመኖሪያ ክፍሎችን፣ የሥዕል ቤትና የአትክልት ስፍራን አካቶ አስፋፋው። ይህ ቤት ከ1946 ጀምሮ በሙዚየምነት ያገለግላል።

የተኩስ አቁሙ ዓመታት የግንባታና የእድሳት ጊዜ ነበሩ። አብያተ ክርስቲያናት በጦርነቱ ያጡትን ሥዕል ለመተካት ባለሙያ ይፈልጉ ነበር፤ ዛሬ በአንትወርፕ ካቴድራል የሚታዩት የመስቀሉ መነሳትና ከመስቀል መውረድ የተሰኙት ታላላቅ ሥራዎቹም የተሳሉት በ1610 እና በ1614 መካከል ነው። ትእዛዙ ሲበዛ ሩበንስ በሥዕል ቤቱ ብዙ ረዳቶችንና ደቀ መዛሙርትን አሠማራ። እርሱ በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ንድፉን በቀለም ያወጣል፤ ረዳቶቹ ወደ ትልቁ ሸራ ያስተላልፋሉ፤ በመጨረሻም እርሱ ራሱ ያስተካክለዋል። ከረዳቶቹ መካከል በኋላ ዝነኛ የሆነው አንቶን ቫን ዳይክ ይገኝበታል። ለደንበኞቹም የትኛው ሥዕል በእጁ ብቻ እንደተሠራና የትኛው የረዳቶቹ እጅ እንዳለበት ለይቶ ያሳውቅ ነበር፤ ዋጋውም እንደዚያው ይለያይ ነበር።

ከተፈጥሮ ጋር የተያያዙ ሥዕሎችን ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በትብብር መሥራቱም የሚጠቀስ ነው። ፍራንስ ስኔይደርስ በፍራፍሬና በእንስሳት፣ ያን ብሩጌል ደግሞ በአበባና በዕፅዋት አሳሳል የተካኑ ነበሩ። ሴሬስና ሁለት የውሃ ልጃገረዶች የበረከትን ቀንድ ይዘው የሚታዩበትና ዛሬ በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ሰዎቹን ሩበንስ፣ ፍራፍሬውን ስኔይደርስ የሠሩት ነው። ከብሩጌል ጋር የሠራው የአኬሎስ ግብዣ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል፤ ተፈጥሮ በሦስቱ የውበት እመቤቶች ስታጌጥ የሚያሳየው የሁለቱ የጋራ ሥራ ደግሞ በግላስጎው ከተማ ይገኛል።

በዚሁ ጊዜ፣ በ1615 አካባቢ፣ የሳለውና በቪየና የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም የሚገኘው አራቱ አህጉራት በመባል የሚታወቀው ሥዕል ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን ልዩ ትኩረት የሚስብ ነው። በሥዕሉ ላይ ታላላቅ ወንዞች በጎልማሳ ወንዶች፣ አህጉራት በሴቶች ተመስለው በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አፍሪካ በጥቁር ሴት፣ የናይል ወንዝም ከጎኗ በተቀመጠ ሽማግሌ እንደተወከሉ ይታመናል። ከፊታቸው ግልገሎቿን የምታጠባ ታይገር ከአዞ ጋር ተፋጥጣ ትታያለች፤ አዞው ከጥንት ጀምሮ የናይል ወንዝ መለያ ነው። የወንዙ ትልቁ ገባር ዓባይ ከየት እንደሚነሳ በወቅቱ ለአውሮፓውያን በግልጽ የታወቀ አልነበረም። ሥዕሉ ከተሳለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1618፣ ፔድሮ ፓዬዝ የተባለው የስፔን ተወላጅ ሚሲዮናዊ የግሽ ዓባይን ምንጭ ለማየት በቅቷል።

የምድርና የውሃ ጋብቻ

የሩበንስ የበረከት ምልክቶች ከከተማው ችግር ጋር በግልጽ የተገናኙበት ሥራ የምድርና የውሃ ጋብቻ የተሰኘው ሥዕል ነው። በ1618 አካባቢ የተሳለው ይህ ሥራ ዛሬ በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል።

በሥዕሉ ላይ ምድርን የምትወክለው ሲቤሌ የበረከትን ቀንድ ይዛ፣ የባሕር አምላክ የሚባለው ኔፕቱን ደግሞ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን ይዞ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከሲቤሌ አጠገብ ታይገር አለ። ከበላያቸው ክንፍ ያላት የድል እመቤት አክሊል ታኖራለች፤ ከሥራቸው ትሪቶን የተባለው የባሕር ፍጡር ዛጎል እየነፋ ጋብቻውን ያውጃል፤ ሕፃናትም ከእንስራው በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ይጫወታሉ።

የሥዕሉ ትርጉም በሁለት ደረጃ ይነበባል። በመጀመሪያው ደረጃ መልእክቱ ሁሉን ሰው ይመለከታል፤ ምድር ያለ ውሃ ፍሬ አትሰጥም፣ በረከትም የሁለቱ መገናኘት ውጤት ነው። በሁለተኛው ደረጃ ግን ምድሪቱ አንትወርፕ፣ ውሃው ደግሞ የስኬልት ወንዝና ወንዙ የሚገባበት ባሕር እንደሆኑ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ጦርነቱን ለጊዜው ቢያቆምም ወንዙን አልከፈተውም ነበር። መርከቦች እንደ ቀድሞው በነፃነት ወደ አንትወርፕ ወደብ መግባት አልቻሉም። ከዚህ አንጻር ሥዕሉ ከተማይቱ የነበራትን ሀብት ሳይሆን የምትመኘውን ያሳያል። የቀንዱ መሙላት በወንዙ መከፈት ላይ የተመሠረተ መሆኑን የከተማዋ ነጋዴ ሥዕሉን አይቶ ለመረዳት አይቸገርም ነበር።

ሐዘንና የሰላም ተልእኮ

የተኩስ አቁሙ ዘመን በ1621 አብቅቶ ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ሩበንስ በእነዚህ ዓመታት በፓሪስ ለንግሥት ማሪ ደ ሜዲቺ 24 ሥዕሎችን የያዘ ታላቅ ሥራ ሠርቶ በ1625 አጠናቀቀ። በዚያም የበረከትን ቀንድ መልካም አስተዳደር ለሕዝብ የሚያስገኘውን ጥቅም ለማሳየት ተጠቅሞበታል። በቤቱ ግን ሐዘን ተከታተለበት። የመጀመሪያ ልጁ ክላራ ሴሬና በ1623 በ12 ዓመቷ ሞተች፤ በ1626 ደግሞ ባለቤቱ ኢዛቤላ ብራንት አረፈች።

ከሚስቱ ሞት በኋላ ሩበንስ ይበልጥ ወደ ዲፕሎማሲ ሥራ አዘነበለ። ልዕልት ኢዛቤላ ባሏ አርክዱክ አልበርት በ1621 ከሞተ በኋላ አገሩን ለብቻዋ ታስተዳድር የነበረ ሲሆን፣ ሩበንስን እንደ ታማኝ አማካሪ ትቆጥረው ነበር። የሠዓሊነት ሙያው በየቤተ መንግሥቱ ያለ ጥርጣሬ እንዲገባ አስችሎታል፤ ንጉሥን ለመሳል የተቀመጠ ሰው ከንጉሡ ጋር በቂ የመነጋገሪያ ጊዜ ያገኛልና። ግቡ በስፔንና በእንግሊዝ መካከል ሰላም ማውረድ ነበር። በዚህም ከሰሜን ግዛቶች ጋር ለሚደረገው እርቅ መንገድ እንዲከፈት፣ በመጨረሻም የአገሩ መከራ እንዲቀንስ ተስፋ ያደርግ ነበር።

በ1628 ወደ ማድሪድ ሄዶ ከንጉሥ አራተኛው ፊሊፕ ጋር ተገናኘ፤ ወጣቱን ሠዓሊ ዲዬጎ ቬላስኬዝንም በዚያ ተዋወቀ። በ1629 ወደ ለንደን ተሻግሮ ከንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ጋር ለወራት ሲደራደር ከቆየ በኋላ በ1630 ንጉሡ የባላባትነት ማዕረግ ሰጥቶት ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሁለቱ አገሮች የሰላም ውል በማድሪድ ተፈረመ።

ሰላምና ጦርነት

ሩበንስ በለንደን ቆይታው ለንጉሡ ያበረከተው ሥዕል የድርድሩን ሐሳብ በምልክቶች የሚያስረዳ ነው። በዛሬው ጊዜ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሥራ ሰላምና ጦርነት በሚል መጠሪያ ይታወቃል። በመሐል ፓክስ የምትባለው የሰላም እመቤት ተቀምጣ ሕፃኑን ፕሉቶስን ጡቷን ታጠባለች። ፕሉቶስ የሀብት አምላክ ተብሎ የሚጠራ በመሆኑ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሀብት የሰላም ልጅ ነው፤ የሚያድገውም በእርሷ ወተት ነው። ከእግሯ ሥር ሳቲር በፍራፍሬ የተሞላ የበረከት ቀንድ ይዞ ለሕፃናት ያቀርባል። ነብሩ ጥፍሩን ረስቶ እንደ ድመት በጀርባው ተንጋልሎ ይጫወታል። ለሕፃናቱ ሥዕል መነሻ የሆኑት ሩበንስን በቤቱ ያስተናገደው የባልታዛር ጌርቢየር ልጆች ነበሩ።

በስተጀርባ ደግሞ የጥበብ እመቤት ሚነርቫ የጦርነት አምላክ የሚባለውን ማርስን እየገፋች ታባርረዋለች። ማርስ አልሞተም፤ አልታሰረምም። ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል እንጂ። የቀንዱ ፍሬ ለሕፃናቱ እንዲደርስ ሚነርቫ ያለ ዕረፍት መግፋት አለባት። ሥዕሉ ሰላምን እንደ ተጠናቀቀ ድል ሳይሆን በየዕለቱ እንደሚጠበቅ ነገር የሚያሳይ መሆኑ የሠዓሊውን የድርድር ልምድ ያንጸባርቃል።

ቀንዱ ባዶ ሲሆን

ሩበንስ ዲሴምበር 1630 የ16 ዓመቷን ሄሌና ፉርመንን አገባ፤ እርሱ በወቅቱ 53 ዓመቱ ነበር። ከእርሷም አምስት ልጆች ተወለዱለት። በፕራዶ ሙዚየም የሚገኘው ሦስቱ የውበት እመቤቶች የተሰኘው ሥዕል የዚህ ዘመን ፍሬ ሲሆን፣ ከሦስቱ የአንዷ ፊት ሄሌናን እንደሚመስል ይነገራል። ሥዕሉን ለሽያጭ ሳያቀርብ እስከ ዕለተ ሞቱ በቤቱ አኑሮታል።

የቤቱ ደስታ ግን የከተማውን ችግር አላስረሳውም። በኤፕሪል 1635 አዲሱ አገረ ገዥ ልዑል ፈርዲናንድ ወደ አንትወርፕ ሲገባ፣ ለአቀባበሉ በየጎዳናው የሚቆሙትን የክብር በሮችና መድረኮች የነደፈው ሩበንስ ነበር። በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ገዥን ማወደስ የተለመደ ነው። ሩበንስ ግን ከመድረኮቹ አንዱን የከተማይቱ አቤቱታ ማቅረቢያ አደረገው። በመድረኩ ላይ የንግድ አምላክ የሚባለው መርኩሪ አንትወርፕን ለቅቆ ሊበር ሲነሳ፣ ስኬልት ወንዝም በሰንሰለት ታስሮ ይታያል። ከ17 ዓመታት በፊት በምድርና የውሃ ጋብቻ ላይ በደስታ ይፈስስ የነበረው ውሃ በዚህ ሥራ የእግር ብረት ገብቶበታል። ልዑሉ በክብር ባለፈበት መንገድ ላይ ከተማዋ ምን እንደጎደላት ያለ አንዳች ቃል ተነገረው።

ከሁለትና ሦስት ዓመታት በኋላ በፍሎረንስ ለሚኖረው መስፍን የሳለው የጦርነት መዘዝ የተሰኘው ሥዕል የበለጠ ጨለማ ነው። በዚህ ጊዜ 1618 ላይ የተጀመረውና 30 ዓመታት የፈጀው ጦርነት መካከለኛውን አውሮፓ እያወደመ ነበር። በሥዕሉ ላይ ማርስ የጦርነት በር ከተባለው ከያኑስ ቤተ መቅደስ ወጥቶ ይሮጣል፤ የፍቅር እመቤት ቬኑስ ክንዱን ይዛ ልታስቀረው ትታገላለች፤ አልቻለችም። ከእግሩ ሥር መጻሕፍት ይረገጣሉ፤ ክራሯ የተሰበረባት ሴት ወድቃለች፤ እናት ልጇን አቅፋ ትጮኻለች፤ የሕንፃ ባለሙያው መሣሪያውን እንደያዘ ተንጋልሏል። ጥቁር ለብሳ ጌጧን ተገፍፋ እጆቿን ወደ ላይ የዘረጋችው ሴት አውሮፓ ናት። ሩበንስ የእነዚህን ምልክቶች ትርጉም በ1638 በጻፈው ደብዳቤ አንድ በአንድ አብራርቷል። በለንደኑ ሥዕል ሚነርቫ ትገፋው የነበረው ማርስ በዚህኛው የሚገታው አላገኘም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1635 ሩበንስ ከአንትወርፕ በስተደቡብ በኤሌዌይት መንደር ስቴን የሚባል ርስት ገዛ። በዚያ የሳላቸው የገጠር ሥዕሎች በአፈ ታሪክ ምልክቶች አልተሞሉም። በለንደን በሚገኘው የስቴን ማለዳ ሥዕል ላይ ፀሐይ በሰፊው ሜዳ ላይ ስትወጣ፣ ጋሪ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ አዳኝ ከውሻው ጋር ሲያደባ ይታያል። ጥንድ በሆነው የቀስተ ደመና ሥዕል ላይ ደግሞ ገበሬዎች ድርቆሽ ይከምራሉ፤ ከብቶች ከውሃ ዳር ቆመዋል። ሩበንስ ቀድሞ በቀንድ አምሳል ያሳየውን በረከት በእነዚህ ሥራዎች በዕለት ተዕለት የእርሻ ሕይወት ውስጥ አሳይቶታል።

በዚሁ ዘመን ለንጉሥ አራተኛው ፊሊፕ የአደን ማረፊያ ከ60 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ከአፈ ታሪክ የተወሰዱ ሥዕሎችን ነደፈ። ከመጨረሻ ሥራዎቹ መካከል በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የነበረችውን አንድሮሜዳን ጀግናው ፔርሴዎስ ከባሕር አውሬ ሲያድናት የሚያሳየው ይገኝበታል። ሩበንስ ሳይጨርሰው በማረፉ ሥራውን ያጠናቀቀው የከተማው ሰው ያኮብ ዮርዳንስ ነው።

ለረጅም ጊዜ ያሠቃየው የሪህ በሽታ እጆቹን እየያዘ ብሩሽ እስከመከልከል አድርሶት ነበር። ሜይ 30 ቀን 1640 በተወለደ በ62 ዓመቱ በአንትወርፕ አረፈ፤ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። የመጨረሻ ልጁ የተወለደችው ከሞቱ በኋላ ነው።

ሩበንስ ሙሉ ዕድሜውን የተመኘውን ሰላም ለማየት አልታደለም። ጦርነቱን ያቆመው የ1648 ስምምነት ከሞቱ 8 ዓመታት በኋላ ሲፈረም የስኬልት ወንዝ ተዘግቶ እንዲቆይ ፈረደ። በወንዙ ላይ ይጣል የነበረው የመተላለፊያ ቀረጥ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1863 ነው። ዛሬ አንትወርፕ ከአውሮፓ ታላላቅ ወደቦች አንዷ ናት፤ መርከቦችም በስኬልት ወንዝ ላይ ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ።